በመጋቢት የተቀረጸው አኮርዲዮን

ፒካፑ መኪና ስቱዲዮው ግቢ ገብቶ ሲቆም ኖኤ ካንቱ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ አየና ቶሎ መልሶ ለቀቀው።

“አባቴ ነው” አለ።

ረናታ ቪያሴኞር ሙዚቃውን አቆመች። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ፈጣን የጭፈራ ዜማ፣ አንዲት ፖልካ ላይ ነበሩ፤ አኮርዲዮኑን ትንሽ ከፍ፣ ከበሮውን ትንሽ ዝቅ እያደረገች ስትደጋግም ነው የዋለችው።

“ነግሬዋለሁ አላልከኝም?”

“እነግረዋለሁ ነው ያልኩሽ።”

“ታዲያ መቼ ልትነግራቸው ነው? አልበሙ በሬዲዮ ሲለቀቅ?”

ኖኤ የሥራ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፣ መልሶ አወጣው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የራሱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ቢሆንም የአባቱ መኪና በር ሲዘጋ በሰማ ቁጥር ከትምህርት ቤት ፎርፎ እንደተያዘ ተማሪ መግቢያ ያጣል።

“ዝም ብለሽ አሰሚው” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሌላ ምንም አትበዪ። እለምንሻለሁ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶን ኤሌውቴሪዮ ካንቱ በሳን አንቶኒዮ ምዕራባዊ ሰፈሮች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሰው የዳሩ፣ ያስጨፈሩ፣ አንዳንዴም በዜማ የቀበሩ አኮርዲዮን ተጫዋች ናቸው። የረናታ እናትና አባት የተጋቡት በእሳቸው ባንድ ነው። ባለፈው ገና ሰሞን ቀለል ያለ ስትሮክ መታቸው። አንደበታቸውም እግራቸውም ተመለሰላቸው፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን ሲታዘዙ ቆም ብለው የሚያስቡ ሆኑ። በመጋቢት “ተሽሎኛል” ብለው እዚሁ ስቱዲዮ ገብተው አሥር ዘፈን ተጫወቱ። አንዱን ዘፈን በሦስትና በአራት ቁራጭ እየቀረጹ፣ በመሀል እያረፉ ነው የጨረሱት። የተቀረጸውን ግን አልሰሙም። ደክሟቸው ነበርና “ስታዘጋጁት ጥሩኝ” ብለው ሄዱ።

የሰማው ኖኤ ነው። ሰምቶ መኪናው ውስጥ ብቻውን ብዙ ተቀመጠ። ሰኔ ላይ ከኮርፐስ ክሪስቲ ላሳሮ ፔኛ የሚባል አኮርዲዮን ተጫዋች አስመጥቶ አሥሩንም ዘፈን እንደገና አስጫወተው። ላሳሮ የዶን ኤሌውቴሪዮን የድሮ ካሴቶች እየሰማ ያደገ ሰው ነው፤ ሽማግሌው በጉብዝናቸው ዘመን የሚጫወቱትን አንዲት ጌጥ ሳያስቀር ያውቀዋል። ረናታም የሽማግሌውን ቅጂ ድምፁን ዘጋችውና የላሳሮን በቦታው አስገብታ ሚክሱን፣ ድምፆቹን የማዋሃዱን ሥራ፣ ጀመረች።

“ይሄ ነገር ደግ አይደለም” ማለት ነበረባት። አላለችም። አሥራ አምስት ዓመት የኖረችው ከሰው ድምፅ ላይ የማይፈለገውን እየለቀመች ነው። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሁሉ እንዲደውልላቸው የሚማጸኑ ጠበቆች፣ የእሑድ ሰባኪዎች፣ የሰፈር ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፤ ሳሉን ትቆርጣለች፣ የምራቁን ድምፅ ታወጣለች፣ ነፋስ የበላውን ቃል ከሌላ ቦታ አምጥታ ትተክላለች። ሥራዋ ጥሩ ሲሆን ማንም አይታወቀውም። ይህን ሙያ ስትጀምር ግን ያሰበችው ሙዚቃ ነበር። አሁን አንድ የሂውስተን አሳታሚ “ይሄን ሰኞ አስረክቢኝ፤ ከወደድኩት የሚቀጥለው ዓመት ሥራዬ በሙሉ ያንቺ ነው” ብሏታል። ስለዚህ ዝም አለች።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ሳያንኳኩ ገቡ። ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው፣ ቅባት የጠጣ የወረቀት ከረጢት በሌላው ይዘዋል።

“ታኮ ነው” አሉ። “ድንችና እንቁላል። አልበሜን ደብቃችሁ የተቀመጣችሁት የምትበሉት አጥታችሁ እንደሆነ ብዬ።”

“አባዬ፣ ደውለው ቢመጡ ኖሮ…”

“ደውዬ ብመጣ ኖሮ ትሸሽ ነበር።” ወደ ረናታ ዞሩ። “እናትሽ ደህና ናት፣ ልጄ?”

“ደህና ናት፣ ዶን ኤሌውቴሪዮ። ጉልበቷን ያማታል እንጂ።”

“በሰርጓ ቀን እኔ ነኝ የጨረስኩት። ጉልበቷን ይቅርታ ጠይቂልኝ።”

ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። ኤሲውን አጠፋች፤ ሁልጊዜ ስታዳምጥ ታጠፋዋለች፣ ጩኸቱ ረቂቁን ድምፅ ይበላባታል። የነሐሴ ሙቀት ወዲያው በየቀዳዳው ገባ። ኖኤ ከአባቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ፖልካዋን ከፈተችላቸው።

ፊታቸውን ማየት ስላቃታት ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች። አሁን ያውቃሉ ብላ ጠበቀች። አሁን፣ እዚች ጋ፣ ላሳሮ እንደ ዶሮ ለቀማ ጣቶቹን አጣድፎ ወደ ላይ በሚወጣባት ቦታ ላይ ያውቃሉ። ሰው የራሱን እጅ እንዴት አያውቅም? ዘፈኑ አለቀ።

“ድገሚልኝ” አሉ።

ደገመችላቸው። በዚህኛው የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ሲንቀሳቀሱ አየች።

“እጄ ሞተ ብዬ ነበር” አሉ ሲያልቅ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ዓይናቸው ግን ሞልቷል። “ለማንም አልተናገርኩም። ከመጋቢት ወዲህ የአኮርዲዮኑን ሳጥን ከፍቼው አላውቅም። እዚህ ተቀምጬ ስጫወት የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ኖኤ ሲደብቀኝ ጊዜ፣ አባቴን ላለማሳፈር ነው ብዬ ደመደምኩ። ለካ ደህና ነበርኩ።” ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። “ምን አደረግሽው፣ ልጄ?”

ኖኤ ከኋላቸው ሆኖ አያት። ዓይኑ ይለምናል።

“ትንሽ ነው ያጸዳሁት” አለች።

“እግዜር እጅሽን ይባርከው።”

ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ራቅ አድርገው እየያዙ ቁጥር ፈለጉ። የደወሉት ለኦራሊያ ነበር፤ የጭፈራ አዳራሽ ባለቤት ናት። ለቅዳሜው ዝግጅት ደጋግማ ለምናቸው እምቢ ብለዋት ነበር።

“ኦራሊያ፣ እኔ ነኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ።… አዎ፣ እጫወታለሁ።… አይ፣ አልጠጣሁም። በቀትር መቼ ጠጥቼ አውቃለሁ?… እሱ ሌላ ነው፣ እሱ የልጅሽ ክርስትና ነበር።”

ስልኩን ዘግተው ተነሱ። ሲወጡ ልጃቸውን ትከሻውን መታ አደረጉት። ይህን ካደረጉ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ ከኖኤ ፊት ላይ ይነበብ ነበር።

መኪናው ከግቢ እንደወጣ ረናታና ኖኤ ደጅ፣ በአጥሩ ጥላ ሥር ቆሙ።

“ቅዳሜ መድረክ ሊወጡ ነው” አለች።

“አይወጣም። ቅዳሜ ጠዋት ‘ደም ግፊቱን ለካሁት፣ ከፍ ብሏል’ እላለሁ። ካልሆነም የኦራሊያ አዳራሽ ኤሲ ተበላሽቷል ይባላል። የምጠግንላት እኔ ነኝ።”

“የሚቀጥለው ቅዳሜስ?”

“ፊቱን አይተሽዋል?” አላት። “ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም። ይሄን ደስታውን ንጠቀው ነው የምትዪኝ?”

“ሕዝብ ፊት ከሚወድቁ እኛ ፊት…”

“ረናታ፣ ትንሽ ነው ያጸዳሁት ያልኩት እኔ አይደለሁም።”

እውነቱን ነበር። የኖኤ ስልክ ጮኸ፤ በዚህ ሙቀት ኤሲ ጠጋኝ ዕረፍት የለውም። አንስቶ “እየመጣሁ ነው እመቤቴ” አለና ዘጋው። መኪናው ዘንድ ደርሶ ተመለሰ።

“ከከበደሽ ኦስቲን ሚክሱን የሚጨርስልኝ ሰው አለ” አላት። “የሂውስተኑም ሰውዬ ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም።”

ይህን ብሎ ሄደ።

ረናታ ቀሪውን ቀን በአንድ ጠበቃ ማስታወቂያ ልትገፋው አሰበች። ጠበቃው “ብቻዎን አይደሉም፤ ከጎንዎ ነኝ” ይላል፤ በየቃሉ መሀል ትንፋሽ ይስባል። ትንፋሹን ቆረጠች። ስትሰማው የማይተነፍስ ሰው ሆነባት። መለሰችው። እንደገና ቆረጠችው። ተነስታ የታጠበ ኩባያ አጠበች። ደጅ ወጥታ ጎረቤት ካለው ጎማ መጠገኛ ያሉት ልጆች ሲጯጯሁ አይታ ገባች። ድንችና እንቁላሉ ከነከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል፤ አንዱን ገመጠችና መዋጥ አቃታት። ለእናቷ ልትደውል ስልኩን አነሳች፤ ምን እንደምትላት ሳታውቅ መልሳ አስቀመጠችው። እናቷ “ዶን ኤሌውቴሪዮ ቅዳሜ ሊጫወት ነው” የሚለውን እስካሁን ሰምታ ይሆናል። በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ጉልበቷን አስራ ልትሄድም ትችላለች።

ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ፒካፑ ተመልሶ መጣ። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ የአኮርዲዮን ሳጥናቸውን አንጠልጥለዋል።

“ኖኤ የለም?”

“ሥራ ነው።”

“ጥሩ። እንዳይሰማኝ ነው።” ተቀምጠው ሳጥኑን ከፈቱ፤ ማንገቻውን በቀስታ ትከሻቸው ላይ አስገቡ። “ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ይሄን አልበም ኋላ ይሰማዋል። በመድረክ ሌላ፣ በአልበም ሌላ መሆን አልወድም። አንዴ አብሬው ልሂድና ጣቴን ላስታውሰው። ፖልካዋን ልቀቂልኝ።”

“ዛሬ ቢያርፉ አይሻልም?”

“ከመጋቢት ጀምሮ አረፍኩ እኮ። ልቀቂው።”

ለቀቀችው። መግቢያውን ከቅጂው ጋር አብረው ገቡ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሽማግሌው በትንሹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሲደርሱ ዘፈኑ አልፏቸው ሄዷል። ዘለሉና ያዙት፤ አምልጧቸው ሄደ። አቆሙ።

“ከመጀመሪያው።”

ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ጣቶቻቸው እርስ በርስ ተጠላለፉና የማይፈለግ ድምፅ ወጣ። የአኮርዲዮኑ መንፊያ ግማሽ እንደተዘረጋ ቀረ።

“ፍጥነቱን ጨምረሽዋል?”

“አልጨመርኩም።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ፣ ዶን ኤሌውቴሪዮ።”

ቀኝ እጃቸውን አንስተው ፊትና ኋላውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ በሩን አዩ።

“በመጋቢት ይሄን ተጫውቻለሁ” አሉ። “ይኸው፣ ሰምቼዋለሁ። በመጋቢት እችል ነበር።” ጣታቸውን አጥፈው ዘረጉት። “ዶክተሩ ሁለተኛው ስትሮክ ሳያሳውቅ ሊመጣ ይችላል ብሎኛል። እንቅልፍ ላይ መጥቶ ይሄዳል አለ፣ ሰውየው እንኳ አያውቀውም አለ። መጥቶብኛል ማለት ነው።”

“አይደለም…”

“ልጄ፣ እጄ አይዋሽም። ቀትር ላይ እዚህ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ስሞክረው እንኳ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ለኖኤ እንዳትነግሪው። ሐኪም ቤት አስገብቶ አያስወጣኝም። ሚስቴ የገባችው ለሦስት ቀን ተብሎ ነው።”

ረናታ ሰኞን አሰበች። የሂውስተኑን ሰው፣ ኦስቲን ያለውን ሌላ ሰው፣ የጠበቃውን ትንፋሽ አሰበች። ከፊቷ የተቀመጡት ሰው ግን መንፊያውን መዝጋት እንኳ ፈርተው እጃቸውን ሲያዩ ነበር፤ የሆነ ነገር እዚያው እያዩት የሚሞት ይመስል።

ስክሪኑን ወደ ታች ሳበች። ከሌሎቹ ሁሉ በታች፣ ድምፁ ተዘግቶ የተቀመጠ መስመር ነበር። የላሳሮን ዘጋችና ያንን ከፈተችው።

“ይሄን ይስሙልኝ” አለች።

ከበሮው ገባ፣ ባሱ ገባ። አኮርዲዮኑ ዘግየት ብሎ ገባ። ሁለተኛው መስመር ላይ ወደ ኋላ ቀረ። አጣዳፊው ቦታ ላይ ሲደርስ ግማሹን ኖታ ጥሎ ዘለለው። ሽማግሌው ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

“ይሄ የመቼ ነው?”

“የመጋቢት። እርስዎ ነዎት።”

“ያኛውስ?”

“ላሳሮ ፔኛ ይባላል። የኮርፐስ ክሪስቲ ሰው ነው። ሰኔ ላይ መጥቶ ሁሉንም እንደገና ተጫወተው። ቀትር ላይ ዋሽቼዎታለሁ። ያጸዳሁት ነገር የለም፤ እርስዎን አውጥቼ እሱን ነው ያስገባሁት።”

ዘፈኑ እየተንገዳገደ መጨረሻው ደረሰ።

“ድገሚው” አሉ።

ደገመችው። መንፊያውን ዘረጉና አብረውት ገቡ። ሁለተኛው መስመር ላይ አብረው ቀሩ። አጣዳፊው ቦታ ላይ የመጋቢቱ ሰውዬ ዘለለው፤ ሽማግሌው ግን የጣለውን ግማሹን አነሱ፤ ግማሹ ለእሳቸውም ጠፋቸው። ሲጨርሱ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር።

“እኩል ነን” አሉ። “እንዲያውም ትንሽ እቀድመዋለሁ።” ከዚያ ሳቁ፤ ማንገቻው ትከሻቸው ላይ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቁ። “አልመጣም ማለት ነው። ሁለተኛው አልመጣም። ያው የድሮው ነው።”

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊታቸው ሄደ።

“ሰውየውን ያመጣው ኖኤ ነው?”

“አዎ።”

“ሌላ ማን ያውቃል?”

“የባንዱ ሰዎች።”

“ባንዱ በሙሉ?”

አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

“ከበሮ መቺው ቤቴ መጥቶ ዓሣ ጠብሶልኝ ሄደ” አሉ። “ስለ አልበሙ ጠይቄው፣ ግሩም ነው አለኝ። ዓሣውን እያገላበጠ።” አኮርዲዮኑን ከትከሻቸው አወረዱ። “በገዛ ሰርጌ ያልተጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ።”

ረናታ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

“ኋላ ትዪኛለሽ። አሁን አሥሩንም አሰሚኝ። አንዴ የእኔን፣ አንዴ የእሱን።”

አሰማቻቸው። እንደ ከብት ነጋዴ ነበር የሰሙት፤ ሳያዝኑለት፣ ጥርሱንም እግሩንም እያዩ። የራሳቸውን እየሰሙ “ይውጣ” ይላሉ። “ይሄም ይውጣ። ይሄ አሳፋሪ ነው፣ እንዴት ሳልሰማው ወጣሁ?” የላሳሮን ሲሰሙ “ጎበዝ ነው” ይላሉ፤ “እዚህ ጋ ከእኔ የሰረቃት ናት፣ እኔም ከአጎቴ ነው የሰረቅኳት።” ዝግ ብሎ የሚጨፈረው ዋልትዝ ላይ ሲደርሱ ግን የራሳቸውን ሰምተው “ይውጣ” አላሉም።

“አንቺ ምን ትያለሽ?” አሏት። “እንዳትዋሺኝ ብቻ።”

ረናታ ሳትቸኩል መለሰች።

“የላሳሮ ንጹሕ ነው፤ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። የእርስዎ ይዘገያል፤ ግን የሚዘገየው ሴትየዋን በዳንስ የሚያሽከረክራት ሰው እግሯን እስክታነሳ እንደሚጠብቃት ነው። በእርስዎ ግን እደንሳለሁ።”

“ፈጣኖቹስ?”

“ፈጣኖቹ ጥሩ አይደሉም።”

“አይደሉም” አሉ። ባርኔጣቸውን አንስተው ጠርዙን በጣታቸው አዞሩ። “ዋልትዙን የእኔን አስገቢው። ዘጠኙን ለሰውየው ተይለት። ስሙ ግን ይጻፍ። ከኋላ በደቃቁ አይደለም፤ ከፊት፣ ከእኔ ሥር። ለሂውስተኑ ሰውዬ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።”

“ሽፋኑ ላይ ብቻዎን እንዲሆኑ ነበር የፈለገው። ላይቀበል ይችላል።”

“አይቀበላ። የእኔ ስም የሰው እጅ ለብሶ አይወጣም።”

ረናታ ሰኞ ከእጇ ስትወጣ ተሰማት። አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ነው፤ ቀላል ነበር ብትል ውሸት ነው። እጇ ግን ዋልትዙን አውጥቶ ሚክሱ ውስጥ በማስገባት ላይ ነበር።

“ቅዳሜስ?” አለች።

“ለኦራሊያ ቃል ገብቼላታለሁ። ያ ላሳሮ ስልክ አለው?”

“አለው።”

“እሱ ያስጨፍር። እኔ ዋልትዙን እጫወትና ቁጭ ብዬ የሰው ሚስት አያለሁ።” ወንበሩን ወደ ስፒከሮቹ አስጠጉ። “አሁን ኖኤን ጥሪልኝ። ለምን እንደሆነ አትንገሪው።”

ኖኤ የመጣው ጉልበቱ ድረስ የጣሪያ አቧራ ለብሶ ነው። መጀመሪያ ያየው መሬት ላይ ተከፍቶ የተቀመጠውን ሳጥን ነበር። ቀጥሎ አባቱን አየ፤ ከዚያ ረናታን። ሦስቱንም ሲያይ ገባው።

“አባዬ፣ እኔ…”

“ቁጭ በል።”

“ያደረግኩት እኮ…”

“ለምን እንዳደረግከው አውቃለሁ። ላንተ ብዬ እኔም ብዙ ዋሽቻለሁ። ቁጭ በልና መጀመሪያ አባትህ ሲዘገይ ስማ። እኔ ሰማሁት፣ አልሞትኩም።”

ኖኤ ከነአቧራው ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ከተታቸው።

ረናታ ዋልትዙን ስክሪኑ ላይ አዘጋጅታ ነበር።

“ከዚህ ልጀምርለት?” አለች ሽማግሌውን።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ልጃቸውን አዩት።

“አይ” አሉ። “ከመጋቢቱ ፖልካ።”